በዚያ ሐሩር «በረደኝ» አለችኝ

«በረደኝ» አለችኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ፀሐዩ ከኋላችን ወጥቶ ማጅራታችንን ይጠብሰናል። የእንጨቱ መንገድ በጫማዬ ሶል አልፎ እግሬን ያቃጥለኛል። ከረግረጉ የሚነሳው አየር በሩ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ነው የሚመስለው። እሷ በረደኝ ትላለች። ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ዳበስኩት። ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና ኮፈን የነካሁ መሰለኝ። አንዲት ጠብታ ላብ የለባትም። እጅጌዋን ገለጥ ሳደርገው የክንዷ ቆዳ እንደተነጨ ዶሮ ሆኗል።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ሊፍት እፈራለሁ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት እፈራለሁ፣ ማዳም ስሜን አስረዝማ ከጠራችኝ እፈራለሁ። የዚያ ጠዋቱ ፍርሃት ግን እንደዚያ ዓይነት አልነበረም። ልጅቷ ሆስፒታል ሳለች አንዲት ነርስ እኔን ለብቻ ጠርታ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። «ይቺ ልጅ ከእንግዲህ አያልባትም። እኛ ሲሞቀን አልቦን ይቀዘቅዝልናል። እሷ እንደ ድንጋይ ሙቀቱን ይዛው ትቀራለች። ሞቀኝ ካለችሽ ጥላ ስር ውሰጃት። ሙቀት መሃል በረደኝ ካለችሽ ግን ቀልድ አይደለም።»

ዊልቸሯ ቆሟል። ከቆመ ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖታል። መኪናው ከእንጨቱ መንገድ ማዶ፣ ከአቀበቱ ማዶ፣ ከበሩ ውጪ ነው። በእጃችን የሚሠራ ስልክ የለም። ከእሷና ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ልጅቷ የማዳም የመጨረሻ ልጅ ናት። እኔ እዚያ ቤት ስገባ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ኳስ እየመታች የአበባ ማስቀመጫ የምትሰብር ልጅ። እኔም አገር ቤት ለእህቴ ትቻት የመጣሁ በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ አለችኝ። የአንዷን ቁመት እያየሁ የሌላዋን እገምት ነበር፤ ልብስ ገዝቼ ስልክም በዚህችኛዋ ትከሻ ለክቼ ነው። ሃያ ዓመት ሲሆናት መኪና ተገለበጠና አንገቷ ተጎዳ። ከደረቷ በታች አይሰማትም። እጆቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጣቶቿ ግን አይጠነክሩም። ከዚያ ወዲህ የእኔ ሹግል፣ ሥራዬ፣ እሷ ሆነች። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፣ ቆዳዋ እንዳይቆስል ሌሊት እየተነሱ ጎኗን መቀየር። አንድ ሌሊት ሙሉ ከተኛሁ ዓመታት አልፈዋል። ድካሙን ለምጄዋለሁ፤ እንደ ልብስ ነው፣ ለብሼው እወጣለሁ።

ካሜራ የሰጣት ወንድሟ ነው። ወፍ ማንሳት ግን ራሷ ናት የመረጠችው። ለምን ወፍ ስላት «ሰው ሲያየኝ ፊቱን ያስተካክላል። ወፍ ግድ የላትም» አለችኝ። በአረብኛ ነው የምናወራው፤ የእኔ አረብኛ ከወጥ ቤት የተለቀመ ነው፣ እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሰምታው በደንብ ይገባታል። ሲመቻት «ያ ኡሚ» ትለኛለች፣ እናቴ ማለት ነው። ስትናደድ ዘበኛዬ ትለኛለች።

ካሜራው ከነሌንሱ ከባድ ነው፤ በእነዚያ ጣቶች አይያዝም። ስለዚህ ከአሮጌ መጋረጃ ከረጢት ሰፍቼ፣ ማንጠልጠያ አበጅቼለት፣ ሩዝ ሞላሁበት። ከረጢቱ ይቀመጣል፣ ካሜራው እላዩ ላይ ይተኛል፣ እኔ ከጎን ደገፍ አደርገዋለሁ። ማዳም ስታየው «ደህናውን ሩዝ ነው የሞላሽበት?» አለችኝ። «የተሰበረውን ነው ማዳም» አልኳት። ደህናውን ነበር።

ወፎቹ የሚጠበቁበት ረግረግ ሉሰይል የሚባለውን ከተማ አልፎ ነው። ለዊልቸር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ትወደዋለች። ከበሩ ጀምሮ ደረጃ የለውም፤ የእንጨቱ መንገድ ቀስ እያለ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ በየመሃሉ ሜዳ የሆነ ማረፊያ አለው። መጨረሻው ላይ የሸምበቆ አጥር ቆሟል። አጥሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ ተደርገው የተቆረጡ መስኮቶች አሉ። ጣሪያ ግን የለውም። ጥላ ያለው በሩ አጠገብ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን ዋዜማ እንግዳ ነበረብን። የባባ፣ የማዳም ባል፣ እህቶች ከነልጆቻቸው መጥተው፣ ሰሃኑ ታጥቦ አልቆ እንደገና ይቆሸሻል። ሲሄዱ እግሬ አብጦ ነበር። የዊልቸሩን ቻርጀር ሰካሁ፣ ስልኬን አጠገቡ ሰካሁ። ከዚያ እንደ ወትሮው ቤቱን ዞርኩ። የጎረቤት ወጥ ቤት ከተቃጠለ ወዲህ የማዳም ሕግ አለ፤ ከመተኛታችን በፊት ሶኬት ሁሉ ከግድግዳው ይጠፋል። እዚህ አገር እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ማጥፊያ አለው። ዓመታት የሠራሁት ነገር ስለሆነ እጄ ያለ እኔ ነው የሚሄደው፤ ግድግዳውን ይዤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የዊልቸሯን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ያን ቀን እጄ አልዘለለም። እኔ ግን ይህን አላወቅሁም፤ ተኛሁ።

ጠዋት በአዛን ተነሳሁ። ስልኬ ጠፍቷል። አሮጌ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩት። ልጅቷን አለበስኩ፣ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኩ። የወንበሩን የባትሪ መብራት አላየሁም። ዓይኔ ተከፍቶ ነበር፣ ማየት ግን ሌላ ነው።

ሹፌሩ የአገሬ ሰው ነው፣ የኮምቦልቻ ልጅ። ገና ቀበቶውን ሳያስር ጀመረኝ።

«እትዬ፣ ዛሬም ወፍ ልትጠብቂ?»

«እስቲ ተወኝ፣ እንቅልፌ አልለቀቀኝም።»

«ማሽላ ላይ ወፍ ስታባርሪ አድገሽ፣ እዚህ ደግሞ ባሕር ተሻግረሽ እንዳትነሳ ትለምኛታለሽ።»

ልጅቷ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሳቀች። በሩ ጋ ስንወርድ ስልኳን ለእሱ ሰጠችው። «እናቴ ከደወለች ደህና ናት በላት። በየደቂቃው እየጮኸ ወፎቹን ያስነሳብኛል።» ሁልጊዜ የምታደርገው ነው፤ እኔም በልቤ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ማዳም ስትደውል የምትጠይቀው እኔን ነው። በእኛ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስደን ተስማማን። እሱ መኪናውን ጥላ ፍለጋ ይዞ ሄደ።

በመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከውኃው ራቅ ብሎ ባዶ መሬት ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። ነጭና ጥቁር ናት፣ እግሮቿ ቀይና ክር የመሰሉ። ጎጆ የላትም። ጠጠር ላይ ነው እንቁላሎቿን የጣለችው። ትንሽ ትቀመጥና ተነስታ ወደ ውኃው ትሄዳለች፣ ሆዷን ትነክራለች፣ እየተንጠባጠበች ተመልሳ እንቁላሎቿ ላይ ትቀመጣለች።

«ምን እየሠራች ነው?» አልኳት።

«እያቀዘቀዘቻቸው። ፀሐዩ እንዳይቀቅላቸው። ጠብታው ከሆዷ ሲወርድ ነው የምፈልገው።»

ከእኛ ሌላ ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ነበሩ፣ ባልና ሚስት። ዕቃቸውን አሸክፈው ሲሄዱ ሴትዮዋ ወደ ፀሐዩ ጠቆመችኝ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ። ራሴን ነቅንቄ ገብቶኛል አልኳት።

«ያላ ሐቢቢቲ፣ እንሂድ።»

«አምስት ደቂቃ ያ ኡሚ።»

«አምስቱ አራት ጊዜ አልቋል።»

«የእኔ አምስት ረጅም ነው።» ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሳ፣ «አንቺ ደግሞ ወፏን አታዪም፤ እኔን ነው የምታዪው» አለችኝ።

«የተቀጠርኩት ላንቺ ነው።»

«ለእሷስ ማን ይቀጠርላት?»

ወፏ እንደገና ሄደች፣ ነከረች፣ ተመለሰች። ካሜራው ተንጣጣ። ልጅቷ ተነፈሰችና «አገኘሁት» አለች። ወንበሯን ለማዞር መዘወሪያውን ነካችው። አንድ ክንድ ያህል ሄዶ ቆመ። ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ያኔ ነው ያ ጠቅ የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ የመጣው። ቦርሳዬ ውስጥ የሞተው ስልኬ፣ ይህ ወንበር፣ ሁለቱም አንድ ግድግዳ ላይ። እጄን አየሁት፣ የሰው እጅ ይመስል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኩ። ዋሸሁ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ማዳም፣ ሻንጣዬ፣ ኤርፖርት።

እሷ ግን ምንም አልከፋትም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሹፌሩ እስኪመጣ ወፏ የእኔ ናት» አለች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ሮጬ ሰው መጥራት የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ገና ደህና ሳለች። ብሮጥ ምን ሆነ እባላለሁ ብዬ ቆምኩ። ይህን አሁን ስጽፈውም ያመኛል።

እንዲህ ቆይተን ነው በረደኝ ያለችው።

የቀረችውን ግማሽ ጠርሙስ ውኃ አናቷ ላይ አፈሰስኩ። «ሰው ልጥራ፣ ሮጬ ልምጣ» አልኳት። «ሂጂ» አለች፤ ያለችው ግን ወደ ደረቷ ነው፣ አገጯ ወርዷል። ቀና አደረግኩት፣ መልሶ ወረደ። አንገቷ እንዲያ ከታጠፈ ትንፋሿ እንደሚያጥር አውቃለሁ፤ ሌሊት የምነሳው ለዚያም ነው። ትቻት አልሄድም። በሁለት እጄ አፌን ከብቤ ጮህኩ። ሰው አልመጣም። ሸምበቆው ውስጥ የነበረው ወፍ ሁሉ ግር ብሎ ተነሳ።

«ወፎቹን አስነሳሽብኝ» አለች፣ ምላሷ እየከበዳት።

መናገሯ ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ስትናገር አለች ማለት ነው።

አባያዬን አወለቅኩ፣ ከስር ረጅም ቀሚስ አለብኝ። በእንጨቱ መንገድ ዳር ባለው ዝቅተኛ አጥር ተንጠላጥዬ ጭቃው ላይ ወረድኩ። ማዳም ያን ውኃ እንዳልነካ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ የከተማ ፍሳሽ ተጣርቶ ነው የሚመጣው ትላለች። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አባያውን ነከርኩ፣ እየተንጠባጠበ ይዤው ወጣሁ፣ ከአናቷ እስከ ጉልበቷ አለበስኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያቺን ወፍ ሳያት ቆይቻለሁ፤ አንድ ነገር ገብቶኝ ይሆናል።

«ሸተተኝ» አለች ከውስጥ።

«ይሽተትሽ።»

አሁን ወንበሩ ቀረ። ከባድ ነው፤ ባትሪው ሲሞት ጎማው ይቆለፋል። ከኋላ፣ ከጎማዎቹ አጠገብ ሁለት ቢጫ እጀታዎች አሉት። የሚጠግነው ሰውዬ አንድ ጊዜ አሳይቶኛል፤ ስታወርጂያቸው ጎማው ይለቀቃል፣ ፍሬንም የለውም ብሎኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን እንኳ ወደ እነሱ ልኬ አላውቅም። መንገዱ ደግሞ ወደ ውኃው ያዘነበለ ነው። አቀበቱ ላይ ጉልበቴ ከከዳኝ፣ ይዞኝ ይወርዳል።

ባለቤቴ፣ አላህ ይማረው፣ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ዕድሜውን ከአሰብ መንገድ እስከ ደሴ አቀበት መኪና ሲከተል ነው የጨረሰው። ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሲደክም ረዳቱ ይወርድና ታኮውን፣ ያንን የእንጨት ሽብልቅ ይዞ ከኋላ ጎማ ኋላ ኋላ ይሄዳል። መኪናው ወደ ኋላ ካለ ከስር ይወሽቅበታል። «መኪና ሲወጣ አይገድልም፤ ሲመለስ ነው የሚገድለው» ይል ነበር። እኔ ከኋላ ሆኖ የሚይዝልኝ ረዳት የለኝም። ግን የሩዙ ከረጢት አለ።

ከረጢቱን በማንጠልጠያው ከወንበሩ ብረት ጋር አሰርኩት፤ ከኋላ ጎማው እግር ስር እየተጎተተ እንዲከተል። ወደ ኋላ ካልን ጎማው እላዩ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ካሜራውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጭኗ ላይ አደረግኩ፣ እንዳይወድቅ በአባያው ጠቀለልኩት። ቢስሚላህ ብዬ ሁለቱን ቢጫ እጀታዎች አወረድኩ።

ሜዳው ላይ ሄደ። ከባድ ነው፣ ግን ሄደ። አቀበቱ ሲጀምር አሥር እርምጃ ያህል ገፋሁና ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ለቀቅ ሳደርገው ወንበሩ ወደ ኋላ መጣ፣ ሩዙ ላይ ወጣ፣ ቆመ። ይዞልኛል። ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ አገጯን ቀና አደረግኩ፣ እንደገና ገፋሁ። አንድ እግሬ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ። እንጨቱ ያቃጥላል። ስንት ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። መሃል ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ትንሽ ቁጭ ልበል፣ ትንሽ ብቻ፣ ጎማውን ደገፍ ብዬ። እንቅልፍ ነው። ሞትም እንደዚያ ሳይመጣ አይቀርም፣ ትንሽ አረፍ በይ እያለ።

«አውሪኝ» አልኳት። «ዝም አትበይ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ስደቢኝ።»

«ዘበኛ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ባዶ እግሯን የምትሄድ ዘበኛ።»

ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ስንደርስ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አላውቅም፤ ውሸቴን ይዤ ልሂድ አልፈለግሁም። ከፊቷ ተንበረከክኩ።

«የግድግዳውን ማብሪያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማታ፣ እጄ ለምዶ። ቻርጅ ሲያደርግ አላደረም።»

ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «አውቃለሁ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ጠዋት ስታስቀምጪኝ መብራቱ ሁለት ነበር። አምስት መሆን ነበረበት።»

ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ያቃጥለኛል።

«ታዲያ ምነው አልተናገርሽ?»

«ብናገር ዛሬ ይቅር ትይ ነበር። ነገም እንግዳ አለ። ከዚያ ይሞቃል ብላ እናቴ እስከ መኸር አታስወጣኝም።» ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ወፏ ደግሞ አትጠብቀኝም።»

በጥፊ ልላት ቃጥቶኝ ነበር። የወለድኳት ብትሆን እላት ነበር። ይልቅ ያለ የሌለ ጉልበቴ ከንዴቱ መጣ። ተነስቼ ገፋሁ። እየገፋሁ በአማርኛ ተቆጣሁ፣ ለእሷ ይሁን አገር ቤት ላለችው ልጄ አላውቅም። እናት ስትለፋ አይታያችሁም፣ የደከመን ሰው አታዩም፣ እንዳለ እኛ ላይ ትጥሉታላችሁ እያልኩ። አልገባትም። ግን ሰማችኝ፤ «ቀጥይ፣ ቀጥይ» ትላለች።

በሩ ሊታየን ሲል ከረጢቱ ተቀደደ። ሩዙ በእንጨቱ ላይ ዘረር እያለ ከኋላችን ቀረ። ከእንግዲህ መቆም የለም ማለት ነው፤ ከቆምኩ የሚይዘኝ የለም። በሆዴ ተደግፌ፣ በጉልበቴ እየገፋሁ፣ ያ ረቢ ያ ረቢ እያልኩ ወጣሁ። የበሩ ጥበቃ ከክፍሉ ወጥቶ አየን። ወጣት ኔፓላዊ ነው። ምንም ሳይጠይቅ ሮጦ ወንበሩን ከፊት ያዘ።

የጥበቃው ክፍል ጠባብ ናት፣ ግን አየር ማቀዝቀዣ አላት። የራሱን ወንበር ወደ ውጭ ወርውሮ ቦታ አደረገልን። ከትንሿ ፍሪጅ ውኃ አወጣ። አንገቷ ስር፣ ብብቷ ስር ቀዝቃዛ ጠርሙስ አደረግኩ፣ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ጠረግኩ፣ እሱ በካርቶን ያራግባል። ደግሞ ሹፌሩን ሊፈልግ ወጣ። እኔ ግንባሯን እነካለሁ፣ እጄን አነሳለሁ፣ መልሼ እነካለሁ። ለረጅም ጊዜ ለውጥ የለም። ከዚያ አገጯ በራሱ ቀና አለ። ራሷ ናት ያነሳችው።

«ያ ኡሚ» አለች። «በረደኝ።»

ደንግጬ ግንባሯን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። ክንዷም ቀዝቃዛ ነው። ማቀዝቀዣው በእርጥቡ አባያ ላይ ሲነፍስባት በርዷት ነው፤ እውነተኛ ብርድ ነው። አባያውን ገፈፍኩና በጥበቃው ጃኬት ሸፈንኳት። ካሜራውን ከጭኗ ሳነሳ «ረጥቧል?» አለችኝ። «ደረቅ ነው» አልኳት።

ሹፌሩ እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ቀልድም የለው። «እትዬ፣ አብሽሪ፣ አምቡላንስ ጠርቻለሁ» አለና ስልኩን ዘረጋልኝ። ማዳም መስመር ላይ ናት። እግሬ ስለማይችለኝ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የተቀበልኩት። ሌላ ጊዜ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ለመንቀጥቀጥም ደክሞኝ ነበር።

«ማዳም፣ ሶኬቱን ማታ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ወንበሩ መንገድ ላይ ቆመ» አልኳት። «አሁን ጥላ ውስጥ ገብተናል። ልጅሽ ቀዝቅዛለች፣ እያወራች ነው። ደህና ነን።»